ሷሊሕ ፎቶ አንሺና የድብ ባሕሩ እርቅ

ጎንደር ውስጥ፣ ከአዲስ ዓለም ወደ ገበያው በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ በሩ ሰማያዊ የተቀባ አንድ ጠባብ ክፍል ነበረ። የሷሊሕ ፎቶ ቤት ነው። ሷሊሕ የነጋዴ ልጅ ነው፤ አባቱም አያቱም ጨርቅና ጨው ሲያመላልሱ የኖሩ ሰዎች ናቸው። እሱ ግን በጣልያን ጊዜ ለአንድ ጣልያን ፎቶ አንሺ ውኃ ሲቀዳና ሳሕን ሲያጥብ እጁ የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት ለመደ። እንግሊዞች ገብተው ጣልያኑ ተማርኮ ሲወሰድ ባለ ሦስት እግሩ የእንጨት ሳጥን ከሷሊሕ ዘንድ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ለንግድ የሚሆን ልብ አልተገኘበትም።

ሳጥኑ ከፊቱ ዓይን አለው፤ ከሆዱ ደግሞ የመድኃኒት ሳሕን። ሰውን በወረቀት ላይ ካነሣ በኋላ፣ ሷሊሕ ከጎኑ በተሰፋው የጨርቅ እጅጌ እጁን አግብቶ ወረቀቱን እዚያው በጨለማው ውስጥ ያጥበዋል። መጀመሪያ የሚወጣው ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ የሆነበት ኔጋቲቭ ነው። እሱን መልሶ ከዓይኑ ፊት አቁሞ ሲያነሣው እውነተኛው መልክ ይወጣል። የዓይኑን ክዳን ከፍቶ የሚያቆይበትን ጊዜ በሰዓት አይለካም፤ በአፉ ነው። ፀሐይ ከሆነ «ቢስሚላሂ» ብሎ ይዘጋል። ደመና ከሆነ «ቁል ሁወላሁ አሐድ» የሚለውን አጭር ሱራ አንድ ጊዜ በዝግታ ይጨርሳል። ሚስቱ ሐዲጃ፣ «የአላህን ቃል የሳጥን መለኪያ አደረግኸው!» እያለች ስትቆጣው፣ «እጄ እንዳይቸኩል ነው» ይላት ነበር።

ሥራው የሚበላሸው ሳጥኑ ውስጥ ሳይሆን ገና ከዚያ በፊት እንደሆነ ያምናል። ሊነሣ የሚመጣ ሰው ፈርቶ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ስለ ከብቱ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ ያጫውተዋል። ትከሻው ወረድ ሲል ካየ በኋላ ነው ከሳጥኑ ጥቁር ጨርቅ ሥር የሚገባው። «ሳቁ» ብሎ ሰው አያዝም፤ የታዘዘ ሳቅ ጥርስ ከማሳየት አያልፍም። ሥራ የፈታ እጅ መልክን ስለሚያበላሽ ለወንዱ ዘንግ፣ ለሴቷ የነጠላዋን ጫፍ ያስይዛል። ከሰውዬው ፊት አስቀድሞ ከኋላው ያለውን ያያል። የሰው ዓይን የማይፈልገውን ዘልሎ ያልፋል፤ ሳጥኑ ግን ምንም አይዘልም። ይኸን የተማረው ገና ጀማሪ ሳለ በአንድ ሠርግ ነው፤ ከሙሽራው ኋላ የቆመች አህያ አንገቷን ዘርጋ አድርጋ ኖሮ፣ ፎቶው ሲወጣ ሙሽራው ባለ ረጅም ጆሮ ሆኖ ተገኘ። አማቾቹ ክረምቱን በሙሉ ሲስቁበት ከረሙ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «ይኸ ፎቶ የት ነው የሚሰቀለው?» ሰው የሚሰቅልበትን ከተናገረ የሚፈልገውን ተናግሯል ማለት ነው።

ዳግማይ ትንሣኤ ባለፈ ሰሞን በላቸው መጣ። በላቸው የጭነት ማኪና ሹፌር ነው፤ ከጠዳ እስከ ዛሪማ ባለው መንገድ እህል የሚጭን፣ ጉርምስናው ገና ያልበረደለት ሰው።

«አያ ሷሊሕ፣ ድብ ባሕር እርቅ አለን። ሳጥንህን ይዘህ ትመጣለህ።»

«የማን እርቅ?»

«የአባቴ ደም ነው።»

ሷሊሕ ነገሩን ሰምቷል፤ በዚያ መንገድ ያልሰማ አልነበረም። የበላቸውን አባት ወልደኢየሱስን ቢያዝን የሚባል ጎረቤቱ በድንበር ጠብ ገደለው። ቢያዝን ታስሮ፣ የፍርዱን ጨርሶ ወጣ። ነገር ግን የዳኛ ፍርድ ሌላ፣ ደም ሌላ ነው፤ የቢያዝን ወገኖች ገበያ ሲወጡ መንገዳቸው በጫካ ለጫካ ሆነ። በላቸውንም፣ «የአባቱን ደም ተንተርሶ የሚተኛ» እያሉ የሚያሽሟጥጡት አልጠፉም። አያ አድማሴ የሚባሉ ሽማግሌ ከወዲህ ወዲያ ሲመላለሱ ከርመው፣ በስንት ልመና ሁለቱንም ወገን ለእርቅ አበቁ።

«ምነው እኔን መረጥህ?» አለ ሷሊሕ።

«ከእነሱም ከእኛም አይደለህም። ሃይማኖትህም ሌላ ነው። ማንም አዳላ አይልህም።»

ማኪናው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲወጡ ሷሊሕ የተለመደ ጥያቄውን ጠየቀ። በላቸው ከመሪው ላይ አንድ እጁን አንሥቶ ከመስታወቱ በላይ ያለውን ቦታ ነካ ነካ አደረገ።

«እዚህ።»

«እቤት አይደለም?»

«እቤት ማን ያየዋል?»

ሷሊሕ መልሱ አላማረውም። ግን ሹፌር ሁሉ ከፊቱ አንድ ነገር ይለጥፋል፤ አንዱ ቅዱስ ጊዮርጊስን፣ አንዱ የእናቱን መልክ።

እርቁ የሚፈጸምበት ቦታ ከመንገዱ ወረድ ብሎ፣ አንድ ደረቅ ወንዝ ለሁለት የከፈለው ሜዳ ነው፤ ጫፉ ገደል ነው። በወዲህኛው ዳር የሟች ወገን፣ በወዲያኛው የገዳይ ወገን ተቀምጧል፤ እርስ በርስ አይተያዩም። ሁሉም ጠበንጃ ከአንድ የጽድ ዛፍ ሥር ተደርድሯል፤ አንድ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ከአጠገቡ ቆመዋል። ከጽዱ እስከ ተቀመጠው ሰው ድረስ ያለው ርቀት ለሚሮጥ ሰው ምንም እንዳልሆነ ሷሊሕ ልብ አለ። ሰማዩ ደመና ነው።

ሳጥኑን ተሸክሞ ሲወርድ ከገዳይ ወገን አንድ ጎልማሳ ብድግ አለ።

«ያ በጥቁር የተከናነበው ምንድን ነው? ሬሳ ነው?»

«ፎቶ ማንሻ ነው።»

«ይጮሃል?»

«ዝምተኛ ነው። አንተን አይመስልም።»

አንዳንዶች ሳቁ፤ ሰውዬው አልሳቀም። አያ አድማሴ፣ «ገልጠህ አሳያቸው፣ ልጄ፤ ልባቸው ይረፍ» አሉት። ሷሊሕ ጨርቁን ገለጠ፤ ሆዱን ከፈተ፤ ሳሕኑን አሳየ። ጎልማሳው እጁን አግብቶ ዳሰሰና፣ «ይገማል» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

በላቸው ሷሊሕን ወደ ጎን ጎተት አደረገው።

«ድንጋዩ ከአንገቱ ሳይወርድ አንሣልኝ።»

«ቢያዝንን?»

«ተንበርክኮ፣ ድንጋዩን እንደተሸከመ። ሌላው ፎቶ ቢቀርም ይቅር።»

ሷሊሕ ከማኪናው መስታወት በላይ ያለው ቦታ አሁን ገባው። በዚያ አገር ገዳይ ለእርቅ ሲቀርብ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከሟች የቅርብ ሰው ፊት ይንበረከካል። ሽማግሎች ይለምናሉ። የሟች ሰው ድንጋዩን በገዛ እጁ ሲያወርድለት ደሙ ደረቀ ይባላል። ድንጋዩ ወደ ገደል ይጣላል፤ ከዚያ ወዲያ «እንዲህ ሆነህ ነበር» ብሎ የሚያነሣበት ሰው እርቅ አፍራሽ ነው። በላቸው የፈለገው ያ ድንጋይ ገደል ከገባ በኋላም ከቢያዝን አንገት እንዳይወርድ ነው። ከጠዳ እስከ ዛሪማ በየገበያው ማኪናውን ሲያቆም፣ እህል ጫኙም ሻጩም የቢያዝንን ማጅራት ያያል። የቢያዝን ልጆችም አንድ ቀን ያዩታል። ያን ጊዜ የሚሆነውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

«አያ አድማሴ ያውቃሉ?»

«እሳቸው እርቁን ይወቁ። ፎቶው የእኔ ነው።»

«ባላነሣውስ?»

«ድንጋዩን አላወርድለትም። እዚያው እንደተሸከመ ይመሽበታል።»

ሷሊሕ ወደ ሽማግሌው አየ። ሄዶ ቢነግራቸው ነገሩ በአንድ አፍታ ወንዙን ይሻገራል፤ ጠበንጃውም እዚያው ነው። እምቢ ቢል እርቁ ዛሬ ይፈርሳል። እሺ ቢል ነገ ይፈርሳል፤ ያፈረሰውም ሳጥን የእሱ ይሆናል። ከዚያ ሥራው አፉን ከፈተለት።

«ደመና ነው፣ በላቸው። ክዳኑን ከከፈትሁ ፎቶው ውስጥ ያለ ሁሉ መንቀሳቀስ የለበትም። አንተም ከፊቱ ነህ፤ ፎቶው ውስጥ ትገባለህ።»

«ልግባ። ከበላዩ መቆሜ ይታይ።»

«ከኋላ እናትህም አሉ።»

«ይሁን።»

«እኔ ‹በቃ› እስክል እጅህ ድንጋዩን አይነካም። ሽማግሌ ቢለምንህ፣ ሰው ቢያጉረመርም፣ አትንቀሳቀስም።»

«እሺ አልሁህ እኮ! ስንቴ ትጠይቀኛለህ?»

ሷሊሕ ሳጥኑን አቆመ። ከጨርቁ ሥር ገብቶ ሲያይ ሜዳው በሳጥኑ መስታወት ላይ ተገልብጦ ታየው፤ ሰዎቹ ከሰማይ እንደ ተንጠለጠሉ። በመካከል ባዶ ቦታ አለ። ከባዶው ቦታ ኋላ የበላቸው እናት፣ እሜቴ ባንቺአየሁ፣ ጥቁር ለብሰው፣ መሬት መሬት እያዩ ተቀምጠዋል።

ቢያዝን ከወንዙ ማዶ መጣ። ሷሊሕ ግዙፍ ሰው ጠብቆ ነበር፤ የመጣው ግን ቀጭን፣ ጢሙ የሸበተ፣ እግሩን የሚጎትት ገበሬ ነው። ድንጋዩ ትልቅ ነው፤ በሁለት እጁ ማጅራቱ ላይ ይዞታል። ከበላቸው ፊት ሲደርስ ተንበረከከ፤ ግንባሩ መሬት ሊነካ ጥቂት ቀረው።

አያ አድማሴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ልጄ በላቸው፣ ስለ እግዚአብሔር ብለህ!» አሉ።

በላቸው ወደ ሳጥኑ አየ።

«ስለ ሀገር ሽማግሌ ብለህ!»

በላቸው ደረቱን ነፍቶ ቆመ። ዓይኑ ከሳጥኑ አልተነሣም።

ሷሊሕ ክዳኑን ያዘ። አለመክፈት ይችል ነበር፤ ከፈትሁ ብሎ ማታለልም ይችል ነበር። ግን በላቸው ጣቶቹን እያየ ነው። ክዳኑን አነሣና በደረቱ ላይ ያዘው፤ ሁሉም አየው። «ቁል ሁወላሁ አሐድ» ብሎ በልቡ ጀመረ።

ሱራዋን ጨረሰ። ለፎቶው ይበቃል። ጣቱ በልማዱ ክዳኑን ሊመልስ ተንቀሳቀሰ፤ ሷሊሕ ከለከለው። «በቃ» አላለም፤ «በቃ» ካለ በላቸው ፎቶውን ሳያይ ድንጋዩን አይነካም። ሱራዋን እንደገና ጀመረ።

«ስለ ሟች ነፍስ ብለህ!» አሉ አያ አድማሴ፤ ሦስተኛው ልመና ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚለመን የለም። በላቸው አሁንም አልተንቀሳቀሰም። ሰው ሁሉ እጁን ነበር የሚያየው፤ እጁ ግን ከጎኑ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ምነው ልጄ? ምን ሆንህ?» አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

በላቸው ዓይኑን ብቻ ወደ ሷሊሕ አዞረ። ሷሊሕ ክዳኑን በደረቱ ላይ እንደያዘ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ዝም። የበላቸው አንገት ቀላ። ከወንዙ ማዶ ማጉረምረም ተነሣ። ያ ጎልማሳ ብድግ አለ፤ ከእሱ ጋር ሌሎችም።

«ምንድን ነው የሚያስጠብቀው? ቀልድ ነው?»

«ያ ሰውዬስ በዚያ ሳጥን ምን እየሠራ ነው?»

ቄሱ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ከጽዱ ፊት ቆሙ። ከወዲህኛውም ዳር ሁለት ሦስት ሰዎች ተነሡ። የቢያዝን ክንዶች ይንቀጠቀጡ ጀመር፤ ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ እየተንጠባጠበ አቧራው ላይ ያርፋል፤ ድምፅ ግን አላወጣም፤ ቀናም አላለም። ሷሊሕ ሱራዋን ስንት ጊዜ እንደደገማት አያውቅም። ምናልባት ተሳስቻለሁ አለ በልቡ፤ ምናልባት ይኸ ሰው እስከ መጨረሻው የሚቆም ሰው ነው፣ እኔም ሰው አስጨረስሁ።

ያን ጊዜ እሜቴ ባንቺአየሁ ከመሬት ቀና አሉ።

«በላቸው!»

«አቤት፣ እማ» አለ፤ ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

«አባትህ ጠላቱን እንኳ ደጅ አስጠንቶ አያውቅም። ይኸን ከማን ለመድኸው?»

የበላቸው እጆች ብቻቸውን የተነሡ ይመስል ወደ ፊት ሄዱ። ጎንበስ አለና ድንጋዩን ከቢያዝን ማጅራት አወረደ። ከብዶት ኖሮ ወደ ጎን ተንገዳገደ፤ ከዚያ በሁለት እጁ አቅፎ እስከ ገደሉ አፋፍ ሄደና ወረወረው። ድንጋዩ ሲንከባለል ተሰማ። እልልታው ከሁለቱም ዳር አንድ ላይ ወጣ። ተነሥተው የነበሩት ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው ቆመው ቀሩ፤ ጎልማሳው ቀስ ብሎ ቁጢጥ አለ።

ሷሊሕ ያን ጊዜ ክዳኑን መለሰ። እጁን በእጅጌው አግብቶ ወረቀቱን ወደ መድኃኒቱ አስገባ። ምን እንደሚወጣ ያውቃል፤ ብርሃን ሲያንስ ፎቶ እንደሚሞት ሁሉ ሲበዛም ይሞታል።

በላቸው እያለከለከ መጣ።

«የታለ?»

ሷሊሕ ወረቀቱን አውጥቶ ሰጠው። ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው፤ እንደ ምጣድ ቂጥ።

«ምንድን ነው ይኸ?»

«ብርሃን በዛበት።»

በላቸው ወረቀቱን ገለበጠው፤ ጀርባውን አየ፤ እንደገና ፊቱን አየ። ቀና ሲል ፊቱ ክፉ ነበር።

«ሆን ብለህ ነው።»

«አዎ፣ ሆን ብዬ ነው።»

«በሰው ሁሉ ፊት እንደ ግንድ ያቆምኸኝ—»

«አስቀድሜ ነገርሁህ። አልንቀሳቀስም አልህ።»

«ትደግመዋለህ! አሁኑኑ!»

ሷሊሕ ወደ ገደሉ አመለከተው።

«ውረድና ድንጋዩን አምጥተህ መልሰህ ጫንበት። እደግመዋለሁ።»

በላቸው አንድ እርምጃ ቀረበው፤ ሷሊሕ የሚመታው መሰለውና ሳጥኑን በክንዱ ከለለ። ከኋላ ቢያዝን ገና ከተንበረከከበት ለመነሣት ይታገል ነበር፤ ጉልበቱ ታስሮበታል። አያ አድማሴ በአንድ በኩል ደግፈውታል፤ አልተቻላቸውም። «እናንተ! አንዳችሁ ያዙልኝ እንጂ፤ ሽማግሌ ብቻውን ሰው ያነሣል?» ብለው ጮኹ። ከሁሉ ቅርብ የነበረው በላቸው ነው። ጥቁሩን ወረቀት እንደያዘ ጥቂት ቆመ። ከዚያ አጣጥፎ ከደረት ኪሱ አገባውና ሄዶ የቢያዝንን ሌላውን ክንድ ያዘ።

የሁለቱን ወገን ፎቶ ለማንሣት ማሰለፉ ከባድ ሥራ ነበር። ሷሊሕ የተጣሉ ሰዎችን ጎን ለጎን አያቆምም፤ በመካከላቸው ሁለቱም የሚያከብሩትን ሰው ያደርጋል። አያ አድማሴን ከመካከል አስቀመጠ፤ ከጀርባቸው በግራ ቢያዝንን፣ በቀኝ በላቸውን አቆመ፤ ለቢያዝን፣ እጁ አሁንም ስለሚንቀጠቀጥ፣ የሽማግሌውን መቋሚያ አስያዘው። በላቸው ፊቱን አኮሳትሮ ወደ መንገዱ ያይ ነበር። ሷሊሕ፣ «ወደዚህ እይ» አላለውም። ጠበቀ። በላቸው በራሱ ጊዜ ሲዞር ክዳኑን ከፈተ፤ ሱራዋን አንድ ጊዜ ብቻ ጨርሶ፣ «በቃ!» አለ።

ለየወገኑ አንድ አንድ አጠበ። የበላቸውን ድርሻ ሲዘረጋለት፣ «ለእማ ስጣት» ብሎ ወደ ማኪናው ሄደ፤ ሞተሩን አስነሣ።

እሜቴ ባንቺአየሁ እርጥቡን ፎቶ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ጣታቸውን ሳያስነኩ በየፊቱ ላይ እያዞሩ አንድ በአንድ ስም ጠሩ፤ የገዳዩንም ወገን ሳይቀር። ሲጨርሱ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ከዚያ ወደ ሷሊሕ ቀና አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ሰው ማቆም የምታውቅ አንተ ነህ። ወልደኢየሱስ ቢኖር የት ታቆመው ነበር?»

ሷሊሕ ፎቶውን ጎንበስ ብሎ አየ። ሰዎቹ ተጠጋግተው ነው የቆሙት።

«እዚህ ጋ፣ ከበላቸው አጠገብ። በላቸውን ትንሽ ወደ ዳር ገፋ አደርገውና።»

«ይበቃዋል? ትከሻው ሰፊ ነበር።»

«ይበቃዋል፣ እሜቴ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከመንገዱ በላይ በላቸው የማኪናውን ጡሩምባ ነፋ። ሷሊሕ ሳጥኑን በትከሻው አንሥቶ ዳገቱን ጀመረ፤ ከበላቸው ጎን ተቀምጦ የሚሄደውን መንገድ እያሰበ።